ጽንስና ካናቢስ፤ የአንድ ጥያቄ አጭር ታሪክ

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት አስመሽቶናል። ነገሩ የጀመረው እንደ ቀልድ ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ «ቅጠል እኮ ነው! መሬት ያበቀለው፣ ፋብሪካ ያልነካው። ነፍሰ ጡር ብታጨሰው ምን ይመጣል?» አለ። ሌላው ከአልጋው ቀና ብሎ፣ «እንዲህ ያለችዋን እናት ማሰር ነው እንጂ ሌላ ምን መድኃኒት አላት!» ሲል መለሰ። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። የሚያስቀው ነገር፣ ያን ያህል ስንጯጯህ ከሁለቱም ወገን አንድ ማስረጃ ያቀረበ ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ኀፍረት ቢጤ ተሰማንና ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ኀፍረት ውጤት ነው።

እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እንጂ የሕክምና ተማሪዎች አይደለንም። ስለዚህ የምናቀርበው የሐኪም ትእዛዝ ሳይሆን የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው። እናት በእርግዝናዋ ወራት ካናቢስ ብትወስድ የልጇ አንጎል ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ ማን ጠየቀ? ማንን ጠየቀ? መልሱንስ ማን፣ ለምን ተገለገለበት? የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

ግንብ የመሰለው እንግዴ ልጅ

ጥያቄው ራሱ ዘግይቶ የተወለደ ነው። እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ብዙ ሐኪሞች እንግዴ ልጁን እንደ ግንብ ይቆጥሩት ነበር። እናትየዋ የዋጠችው መርዝ እዚያው እሷ ዘንድ ይቀራል፤ ጽንሱ ግን በግንቡ ውስጥ ተጠልሎ ያድጋል ብለው ያምኑ ነበር። ይህን እምነት ያፈረሱት እውቀት የተጠሙ ሊቃውንት ብቻ አይደሉም፤ የልጆች ስቃይም ነው።

በ1941 ኖርማን ግሬግ የተባለ የሲድኒ የዓይን ሐኪም፣ ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ የተወለዱ ሕፃናት በዙብኝ ብሎ እናቶቻቸውን ቢጠይቅ፣ አብዛኞቹ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ ሩቤላ የሚባለው ሽፍታ ያለው በሽታ ይዟቸው ኖሯል። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የባሰ ነበር። በ1957 በምዕራብ ጀርመን ታሊዶማይድ የተባለ የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒት ገበያ ላይ ዋለ። ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። በ1961 ጀርመናዊው ቪዱኪንት ሌንትስና አውስትራሊያዊው ዊልያም ማክብራይድ ድምፃቸውን አሰምተው መድኃኒቱ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በዓለም ዙሪያ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሕፃናት እጅና እግራቸው አጥሮ ወይም ጎድሎ ተወለዱ። በ1968 ፈረንሳዊው ፖል ሌሟን፣ በ1973 ደግሞ በአሜሪካ ሲያትል ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ፣ ብዙ አልኮል የሚጠጡ እናቶች በወለዷቸው ልጆች ላይ የሚታየውን ጉዳት ጻፉ። ግንቡ ተናደ። እትብት ምግብ ብቻ ሳይሆን ሌላም ሌላም ነገር የሚያሳልፍ መንገድ መሆኑ ታወቀ።

በዚሁ ዘመን፣ በ1964፣ ራፋኤል መሹላምና የሒኤል ጋኦኒ በእሥራኤል አገር የካናቢስን ዋና አስካሪ ንጥረ ነገር ነጥለው አወጡ። በአጭሩ ቲ ኤች ሲ ይባላል። ከዚህ በኋላ ተመራማሪዎች የሚከታተሉት ነገር ስምና መልክ አገኘ። በስብ የሚሟሟ በመሆኑ በሰውነት ውስጥ ብዙ ቀን ይቆያል፤ እንግዴ ልጁንም ያልፋል። የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ካለፈ በኋላስ?

ኦታዋና ፒትስበርግ

ይህን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ የታመመ ልጅ ይዞ እናቱን «ያኔ ምን ወስደሽ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ችግሩ የሰው ትዝታ የሚፈልገውን ይመርጣል፤ የታመመ ልጅ እናት ደግሞ ጥፋቷን ስትፈልግ የምትኖር ናት። ሁለተኛው፣ እናትየዋን ገና ነፍሰ ጡር ሳለች መጠየቅ፣ መልሷን መመዝገብ፣ ከዚያም ልጁን ዓመት ከዓመት መከታተል ነው። ይህኛው ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥናቱን የጀመረው ሰው ፀጉሩ ሸብቶ ነው ውጤቱን የሚያየው።

በ1978 በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ፣ የካርልተን ዩኒቨርሲቲው ፒተር ፍሪድ ይህን ሁለተኛውን መንገድ ያዘ። የጠየቃቸው ሴቶች አብዛኞቹ መካከለኛ ኑሮ ያላቸው ነበሩ። የተወለዱት ልጆች ሲታዩ የአካል ጉድለት አልነበረባቸውም። እንደ ታሊዶማይድ ያለ በዓይን የሚታይ ነገር የጠበቀ ሰው «ምንም የለም» ብሎ ቢሄድ አይፈረድበትም። ፍሪድ ግን አልሄደም። ብዙ ካጨሱት እናቶች የተወለዱት ጨቅላዎች መንቀጥቀጥና መደንገጥ ያበዙ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ልዩነቱ የጠፋ መሰለ። ዕድሜያቸው 4 ሲሆን በሳምንት ከ5 ሲጋራ በላይ ካጨሱት እናቶች የተወለዱት በቃላትና በትውስታ ፈተና ዝቅ ብለው ተገኙ። ከ9 እስከ 12 ዓመት ሲደርሱ ጠቅላላ የማሰብ ችሎታቸው ከሌሎቹ የሚለይ አልነበረም፤ ነገር ግን ግፊትን በመግታት፣ ያዩትን ነገር በመተንተንና ችግር በመፍታት ላይ ክፍተት ታየ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የመጀመሪያው ትልቅ ትምህርት ይህ ይመስለናል። ጉዳቱ ሲወለድ የሚጮህ ጉዳት አይደለም። አንጎል እያደገ፣ የሚጠየቀው ሥራ እየከበደ ሲሄድ ነው ብቅ የሚለው። ሕፃን ልጅ ዕቅድ አያወጣም፤ ስለዚህ ዕቅድ ማውጣት ቢሳነው ማን ያውቅበታል? ተማሪ ቤት ገብቶ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ አድምጥ፣ አስብና መልስ ሲባል ግን ይታያል።

በ1982 ናንሲ ዴይና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ፒትስበርግ ሌላ ጥናት ጀመሩ። የእነዚህ እናቶች ኑሮ ከኦታዋዎቹ ጋር አይገናኝም፤ አብዛኞቹ ድኾች፣ ግማሽ ያህሉም ጥቁሮች ነበሩ። ልጆቹ 10 ዓመት ሲሞላቸው፣ በእርግዝና ወራት ለካናቢስ የተጋለጡት ላይ መቅበጥበጥ፣ ችኮላና ትኩረት ማጣት በርክቶ ተገኘ። የድብርት ምልክትም እንዲሁ። 14 ዓመት ሲሞላቸው በትምህርት ውጤታቸውም ላይ ልዩነት ታየ። በመደብም በቀለምም የተለያዩ ሁለት ከተሞች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ነገሩን በዋዛ ማለፍ አይቻልም።

የጃማይካው እንቆቅልሽ

ነገር ግን ታሪክ ቀጥ ያለ መንገድ አትወድም። በ1994 ሜላኒ ድሬሐር የምትባል አሜሪካዊት ነርስና የማኅበረሰብ ተመራማሪ ከጃማይካ ገጠር ያመጣችው ውጤት ሁሉንም አስደነገጠ።

ጃማይካ ሲነሣ እኛ ኢትዮጵያውያን ጆሯችን ይቆማል። ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲወርዱ ራስተፈሪያኑ የአውሮፕላን ማረፊያውን እንዴት እንዳጥለቀለቁት ያልሰማ የለም። ሻሸመኔ አጠገብ በተሰጣቸው መሬት ላይ የሰፈሩትም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ጋንጃ ግን ከኢትዮጵያ የሄደ ነገር አይደለም። ቃሉም ከሕንድ አገር የመጣ ነው። ከ1845 ጀምሮ በኮንትራት ለጉልበት ሥራ ወደ ጃማይካ ከተወሰዱት ሕንዶች ጋር እንደገባ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ራስተፈሪያን በ1930ዎቹ ብቅ ከማለታቸው በፊት በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ ሥር ሰዶ ነበር። ሴቶች እንደ ሻይ አፍልተው ይጠጡታል፤ ለሕፃናትም መድኃኒት ነው ብለው ይሰጣሉ፤ ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ ይወስዱታል።

ድሬሐር 24 የተጋለጡና 20 ያልተጋለጡ ጨቅላዎችን አነጻጸረች። በ3ኛው ቀን ልዩነት አልነበረም። በወሩ ግን የተጋለጡት የተሻሉ ሆነው ተገኙ! ረጋ ያሉ፣ ንቁ፣ ለአባባይ የማያስቸግሩ። ከመኝታ ክፍላችን የመጀመሪያው ተከራካሪ ይህን ሲያነብ «አላልኳችሁም?» ብሎ ተነሥቶ ነበር። ገጹን እስከ መጨረሻው ሲያነብ ግን ተቀመጠ። ድሬሐር ራሷ ቅጠሉ ልጆቹን ጠቀማቸው አላለችም። በዚያ መንደር አብዝተው የሚያጨሱት ሴቶች የተሻለ የተማሩ፣ የራሳቸው ገቢ ያላቸው፣ ሰው የማይጫናቸው ነበሩ። ጨቅላዎቹን በወሩ ያሳመራቸው የእናቶቹ ኑሮ ነው ስትል ደመደመች። የተጠኑት 44 ብቻ መሆናቸውም አይዘነጋ። የኦታዋው ክፍተት ደግሞ ጎልቶ የታየው በወር ሳይሆን በዓመታት ነው።

ስለዚህ የጃማይካው ጥናት የኦታዋን አያፈርስም። የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው፤ ልጅን የሚያሳድገው ማኅፀን ብቻ አይደለም። ዳቦው፣ ዕረፍቱ፣ የእናቲቱ ነጻነት፣ የጎረቤቱ እጅ ሁሉ ልጁን ይሠሩታል። ቅጠሉን ለብቻው ነጥሎ ይህን ያህል ጎዳ ብሎ መመዘን እጅግ ከባድ ነው፤ የሚያጨሱ እናቶች ብዙ ጊዜ ትንባሆም ያጨሳሉና፣ ችግርም ጭንቀትም አለባቸውና።

በአንጎል ውስጥ የተገኘው በር

ከባሕርይ ጥናቱ ጎን ለጎን የቤተ ሙከራው ታሪክ ይሄድ ነበር። በ1988 አሊን ሐውሌትና ዊልያም ዴቬን በአይጥ አንጎል ውስጥ ቲ ኤች ሲ የሚያርፍበትን ተቀባይ አገኙ። ይህ ሲሰማ ሌላ ጥያቄ ተከተለ። አንጎል ለአንድ ባዕድ ቅጠል ብሎ በር አይሠራም፤ እንግዲያውስ በሩ ለማን ተሠራ? በ1992 ዴቬን፣ ሉሚር ሐኑሽና መሹላም መልሱን ከአሳማ አንጎል አወጡት። ሰውነት ራሱ የሚሠራው፣ በዚያው በር የሚገባ ንጥረ ነገር አለ። በሳንስክሪት ፍሥሐ ከሚል ቃል ወስደው አናንዳሚድ አሉት።

ለጽንስ ጉዳይ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሥርዓት አንጎል ሲገነባ ሥራ ላይ ነው። ነርቭ ሲያድግ ክሩን ይዘረጋል፤ ክሩም የት ሄዶ ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚነግረው ምልክት ያስፈልገዋል። በ2007 ቲቦር ሐርካኒና ጓደኞቹ የሰውነት የራሱ ንጥረ ነገሮች ከነዚህ ምልክቶች አንዱ መሆናቸውን አሳዩ፤ ተቀባዩን ከአይጥ ጽንስ ነርቮች ሲያስወግዱት ክሮቹ መንገድ ሳቱ። ነገሩን በምሳሌ ብንናገር፣ መንገድ ቀያሽ እዚህ ጋ እጠፍ፣ እዚያ ጋ ቁም እያለ ችካል ይተክላል። ቲ ኤች ሲ ደግሞ ሳይጠራ መጥቶ ያለ ቦታው ችካል እንደሚተክል ሰው ነው። መንገዱ ይሠራል፣ ከተማውም ይቆማል፤ አንዳንዱ መታጠፊያ ግን በታሰበበት ቦታ ላይ አይሆንም።

በ2004 የያስሚን ሐርድ ቡድን በእርግዝና አጋማሽ ላይ ከተቋረጡ ጽንሶች በተገኘ የሰው አንጎል ላይ ባደረገው ጥናት፣ ለካናቢስ በተጋለጡት፣ በተለይም በወንዶቹ፣ ስሜትን በሚመለከተው የአንጎል ክፍል የዶፓሚን ተቀባይ መልእክት ቀንሶ አገኘ። በ2016 ደግሞ በሆላንድ ሮተርዳም፣ ሐናን ኤል ማሩን ከ6 እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆችን አንጎል በምስል አይታ፣ በእርግዝና ወራት ለካናቢስ በተጋለጡት 54 ልጆች የፊተኛው የአንጎል ቅርፊት ወፈር ብሎ መገኘቱን ጻፈች። የአንጎላቸው ጠቅላላ መጠን ግን አልተለየም። ጉዳዩ አንጎል የማጥፋት ሳይሆን አቅጣጫ የማዛነፍ ይመስላል።

የፖሊሱ ዘመን

አሁን ወደ ሁለተኛው ተከራካሪያችን እንምጣ፤ «ማሰር ነው!» ወዳለው። የእሱም ሐሳብ ታሪክ አለው፤ የተሞከረ ነገር ነው።

በ1985 በአሜሪካ ኮኬይን የወሰዱ እናቶችን ልጆች የሚመለከት አንድ አነስተኛ ጥናት ታተመ። ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ነጥቀው አራገቡት። አንድ ሙሉ ትውልድ የማሰብ አቅሙን አጥቶ እየመጣ ነው ተባለ። በሳውዝ ካሮላይና ቻርልስተን ከተማ በ1989 አንድ ሆስፒታል ከፖሊስ ጋር ተስማምቶ የነፍሰ ጡሮችን ሽንት እየመረመረ ውጤቱን ለሕግ አካል ያስተላልፍ ጀመር። የታሰሩት አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። በ2001 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለ ፈቃዳቸው ለፖሊስ ተብሎ መመርመራቸው ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ሲል በ6 ለ3 ድምፅ ወሰነ። በዚያው በ2001 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ደግሞ፣ በትንንሽ ልጆች ላይ በኮኬይን የተሳበበው አብዛኛው ጉዳት የትንባሆው፣ የአልኮሉና የድኽነቱ ጭምር መሆኑን አመለከተ። ያ «የጠፋ ትውልድ» የተባለው ትውልድ አድጎ ሥራ ገባ፣ ልጆችም ወለደ። ስሙን ያጠፉት ጋዜጦች ግን ይቅርታ ለመጠየቅ እንደ ስም ማጥፋቱ አልፈጠኑም።

ከዚህ የምንማረው እዝነትን ብቻ አይደለም፤ ስለ እውቀትም እንማራለን። እታሰራለሁ ብላ የምትፈራ እናት ሐኪም ቤት አትመጣም። ብትመጣም እውነቱን አትናገርም። እውነቱን ካልተናገረች ደግሞ ፍሪድም ዴይም ምንም ሊያውቁ ባልቻሉ ነበር። የኦታዋ መዝገብ የተሞላው በእናቶች እምነት ነው። ፖሊስ በሩ ላይ ቢቆም ኖሮ ያ መዝገብ ባዶ ይሆን ነበር።

የነጋዴው ዘመን

ዛሬ ሚዛኑ ወደ ሌላው ጎን አጋድሏል። ኮሎራዶ በጥር 2014፣ ካናዳ በጥቅምት 2018 ካናቢስን በሕግ መሸጥ ጀመሩ። በ2018 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ተመራማሪዎች ነፍሰ ጡር መስለው ወደ 400 የኮሎራዶ መሸጫዎች ስልክ ደውለው ማቅለሽለሽ አስቸገረኝ ቢሉ፣ ከመቶ 69ኙ ካናቢስ ውሰጂ ብለው መከሩ። ታሊዶማይድንም ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ እንደወሰዱት ያስታውሷል። በአሜሪካ ባለፈው ወር ካናቢስ ወስጃለሁ ያሉ ነፍሰ ጡሮች በ2002 እና 2003 ከመቶ 3.4 ነበሩ፤ በ2016 እና 2017 ከመቶ 7 ደረሱ። ቅጠሉም ያው ቅጠል አይደለም። በአሜሪካ ከተያዘው ካናቢስ ውስጥ የቲ ኤች ሲው ድርሻ በ1995 ከመቶ 4 ገደማ ነበር፤ በ2014 ወደ 12 አሻቅቧል። ፍሪድ የመዘገበው ሲጋራና ዛሬ የሚሸጠው አንድ አይደሉም ማለት ነው።

አዲሶቹ ጥናቶች ትልልቅ ናቸው፤ ግን እነሱም እርስ በርስ ይከራከራሉ። በ2020 ከ11,000 በላይ አሜሪካውያን ልጆችን የተመለከተ ጥናት፣ እናቲቱ ማርገዟን ካወቀች በኋላም ለቀጠለችባቸው ልጆች የጠባይ፣ የትኩረትና የእንቅልፍ ችግር በርከት ብሎ አገኘ፤ መጠኑ ግን አነስተኛ ነው። በዚያው ዓመት በካናዳ ኦንታርዮ የታተመው ደግሞ፣ የኦቲዝም ቁጥር በተጋለጡት ከ1,000 ልጅ በዓመት 4፣ ባልተጋለጡት 2.42 ነው አለ። በ2024 ከካሊፎርኒያ የወጣ ሌላ ሰፊ ጥናት ግን ይህን ዝምድና አላገኘም። ከሁሉ ይልቅ እኛን ያሳሰበን የሮተርዳሙ ቡድን በ2019 ያሳተመው ነው። አባትየው ካናቢስ የሚያጨስ ሲሆንም በልጆቹ ላይ የጠባይ ችግር በርክቶ ታየ። አባት ማኅፀን የለውም። እንግዲህ ከቤቱ፣ ከዘሩ፣ ከኑሮው የሚመጣ ድርሻ አለ ማለት ነው። ለስንት ዓመት እናትን ብቻ ስንጠይቅ ኖርን!

ለእኛስ?

«የአሜሪካንና የካናዳን ነገር እኛ ምን አገባን?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። በአገራችን ካናቢስ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ይሁን እንጂ በከተማ ወጣቶች ዘንድ እንደማይታወቅ አድርገን ብናወራ ራሳችንን ማሞኘት ነው። ጫትስ? በሐረርጌ ነፍሰ ጡሮች ጫት እንደሚቅሙ የአገራችን ጤና ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ጠላና አረቄስ? «አምሯታልና ስጧት» ብሎ የሚያቀርብላት ዘመድ አዝማድ አይደለም ወይ? እናት ስትወቀስ ያቀረበላት ሁሉ ከወቀሳው ያመልጣል።

እኛ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይዘን ወጥተናል። አንደኛ፣ ያልታየ ጉዳት የለም ማለት አይደለም። ልጁ እጁ ሙሉ፣ እግሩ ሙሉ ስለሆነ አንጎሉ አልተነካም አይባልም፤ ስለዚህ በእርግዝና ወራት ከካናቢስ መራቅ ከሁሉ የሚሻል መሆኑን ያነበብናቸው ሐኪሞች በአንድ ድምፅ የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛ፣ እውነትን በጩኸት ማግነን እውነትን መግደል ነው። ጉዳቱ መጠኑ ይህን ያህል ነው፣ እዚህ ላይ ይታያል፣ እዚያ ላይ አይታይም ብሎ መናገር ድፍረት ይጠይቃል፤ በአንድ በኩል ነጋዴው፣ በሌላ በኩል ፖሊሱ አይወደውምና።

የመኝታ ክፍላችን ክርክር አልተቋጨም። የመጀመሪያው ጓደኛችን «ቅጠል ነው» ማለቱን ትቷል። ሁለተኛው «ማሰር ነው» ማለቱን ትቶ፣ «ታዲያ ማን ይንገራት?» ማለት ጀምሯል። ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። በእምነት የምትጠይቅና በእምነት የምትመልስ ነርስ፣ የማይሸማቀቅ ባል፣ የማይፈርድ ጎረቤት፣ ከመጮኹ በፊት የሚያነብ ተማሪ፤ መልሱ ከእነዚህ አካባቢ ይመስለናል።

የሕክምና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን የሳትነው ነገር ካለ በሚቀጥለው እትም እንዲያርሙን በትሕትና እንጠይቃለን። ክርክሩ ግን በማስረጃ ይሁን።